ለስንጥቅ የተቀመጠ

እኔ በያጅ ነኝ፤ ጎንደር፣ ቅዳሜ ገበያ፣ ጀሪካን ተራ፣
የሰው ዕቃ ሲያለቅስ እኔ ነኝ የምጠራ።
የአዘዞ ፀሐይ የሰነጠቀው ሮቶ፣
የጎረቤት ባልዲ ከታች አፉን ከፍቶ፣
ሁሉም ወደ እኔ ነው፤ ቧንቧ በአሥራ አምስት ቀን በሚመጣበት ሰፈር
ስንጥቅ ማለት ጥም ነው፤ ለነገ አይባልም፣ ይቆይ ተብሎ አይታደር።

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጭሱን ስተነፍስ
አውቀዋለሁ ስንጥቅን፦ ከውጭ አይጀምርም፣ ውስጥ ነው የሚፈርስ።
ዐይን የማያያት ክር፣ ፀጉር የማታህል፣
ዓመት ተደብቃ፣ አንድ ጠዋት ድንገት «ቋ» የምትል።

ልጄ ትርንጎ፣ ዩኒቨርሲቲ ገብታ፣ ነጭ ካፖርት ለብሳ፣
«አባ፣ ዛሬ ሳላሳይህ አይመሽም፤ ብረትህን ጣልና ተነሳ»።

ውሃ በያዘ ብርጭቆ ውስጥ ሙጫውን ጠብ ጠብ ታደርጋለች፣
መቅዘፊያውን ለቅቃ ታዞራለች፣ ታዞራለች።
ቅቤ የምትንጥ ሴት ብታያት ትስቃለች፤
እሷ ለመሰብሰብ፣ ይቺ ለመበተን ትንጣለች።
ፈጥና ስታዞረው ጠብታው ይደቅቃል፣
ስትዘገይ ደግሞ ጤፍ የነበረው ባቄላ ያህላል።
ከዚያ አሲድ ጠብ፤ ሙቀቱ ሃምሳ አምስት፤ አራት ሰዓት ጥበቃ፤
በየጠብታው ዙሪያ ቅርፊት ትበቅላለች፣ ሙጫውን ጠብቃ።

የመጀመሪያው ቀን፣ በሁለተኛው ሰዓት፣ መብራት ሄዶ ቆመ መቅዘፊያው፣
ጠብታ ከጠብታ ተቃቅፎ ረጋ፣ አንድ ጉብታ ሆነ ሥራው።
ሁለተኛውም እንዲሁ።
ሦስተኛውን ሌሊት፣ ከተማው ሲተኛ፣ ጄኔሬተር ለምና አደረች አብራው።

ሲደርቅ ዱቄት ነው፤ እፍ ቢሉት ይበናል።
በማጉያው ሳይ ግን...

ብርቱካን ስትልጥ፣ ከክፋዩ ውስጥ፣ ያቺ ስስ ከረጢት፣
ጭማቂ ያዘለች፣ ጥርስ እስኪነካት የምትጠብቅ በትዕግሥት፤
እንደዚያ ናት አንዷ። ከአሸዋ ቅንጣት ግን ታንሳለች በብዙ፤
እልፍ ሆነው ተኝተዋል፣ ስንጥቅ እስኪመጣ፣ መድኃኒት እንደያዙ።

ሰሌዳ ሠርታበታለች፤ ማጠንከሪያውንም ለብቻው ነስንሳ ቀላቅላለች።
«ምታው» ብላ ምላጭና መዶሻ አመጣች።
እጄ እምቢ አለችኝ፤ ሠላሳ ዓመት ስትደፍን ኖራ መስበር ፈራች።
መታሁት። ክሩ ሄደ፣ እንደማውቀው፣ ከጫፍ ወደ መሃል።
«በቃ ተወው» አለች፣ «እስከ ነገ ያድራል»።

በግንቡ አጥር ሥር ወደ ቤት ስመለስ ስንጥቁን ቆጠርሁ፤
ለእሱስ ማን ዱቄት ነሰነሰለት? ኖራና ድንጋይ ብቻ፣ አልሁ።
ሌሊቱን አልተኛሁም።
ቅኔ ቤት ሁለት ክረምት ቆይቼ የሸሸሁ ሰው ነኝ፤
«ሰሙን አቅልጠህ ወርቁን አውጣ» ሲሉኝ ሰሙ አሳዘነኝ፣
ይኸው በያጅ ሆንሁ።
አሁን ነው የገባኝ፦ ሰሙ ባይሰነጠቅ ወርቁ አይፈስም ነበር፤
ያም ቅርፊት ሲሰበር ነው ሙጫው የሚናገር።

ጠዋት ጥፍሬን በስንጥቁ ላይ ጎተትሁ። አልያዘኝም።
ልሰብረው ጎንበስ አልሁ፣ ገፋሁ፤ አልሰጠኝም።
እሳት የለ፣ ብረት የለ፣ ጭስ የለ፤
መስመር ብቻ ቀርቷል፣ እንደ ክትባት ጠባሳ በስሱ የተሳለ።

«እዚያው ቦታ ላይ ደግሜ ብመታው?» አልኋት።
ዝም አለች። እውነት ከመናገር በፊት ዝም ማለትን ያወረሰቻት እናቷ ናት።
«አይድንም፣ አባ። አንዴ የፈሰሰች ጠብታ ሁለተኛ ቀን የላት፤
ቅርፊቷ ባዶ ነው።»

ያዛሉን አሰብሁ። አንዴ ይቅር አለችኝ፣ አፌን ሳልከፍት፤
ዳግም እዚያው ቦታ መታሁ። ቆላ ድባ ወረደች፤ ባዶ ነበረች፣ እኔ ነኝ ያፈሰስሁት።

ልጄ ይህን አታውቅም። «ቀጣዩ ሥር ነው» ትላለች፣ «እንደ ደም ሥር፣ ሲጎድል የሚሞላ»።
እስከዚያ ብረቴን ላግል፤ ደንበኛዬ ሮቶውን ይዞ መጥቷል፣ ካለፈው ስንጥቅ ጎን ሌላ።
ሰሌዳዋ ከከሰሉ አጠገብ ናት።
አልመታትም።